የገጠመው ኩላሊት

«ቀኑን እስካሁን አልነገሩሽም እንዴ?» አለች ዙለይኻ፣ ከጎን ካለው ወንበር ላይ አንገቷን ሰገግ አድርጋ።

እየሩሳሌም ግራ ክንዷን ትራስ ላይ ዘርግታ፣ ደሟ በአንዱ ቱቦ ወደ ማሽኑ ሲገባ በሌላው ሲመለስ እያየች ነበር። እጥበቱ ከተጀመረላት ብዙም አልቆየም። በዚህ ሰዓት ማውራት አትወድም፤ ሰውነቷ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሲወጣ እግሯን ስለሚሸመቅቃት ዓይኗን ጨፍና ማሳለፉን ትመርጣለች። ዙለይኻ ግን ወደዚህ ፈረቃ የተዛወረችው በቅርቡ ስለሆነ ይህን አታውቅም።

«የምን ቀን?»

«የቀዶ ሕክምናውን ነዋ! ለእኛ ሰኔ ውስጥ ነው ያሉን። እናንተ ትቀድሙናላችሁ ብዬ ነበር እኔማ።»

«ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽኝ ነው። የእኔ ወንድም አልገጠመም።»

ዙለይኻ ሳቀች። «ፍቅሩ አይደለም ወንድምሽ? በሰቃ ሰፈር በርና መስኮት የሚሠራው? መልካችሁ እኮ ቁርጥ አንድ ነው! ለእኔ ከሚለግሰኝ ከታጁ ጋር በአንድ ቀን ነው ውጤት የሰሙት። እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኋቸው ነበር። ሁለቱም ገጠመ ተብለው ተቃቅፈው ሲወጡ አየሁ፣ ወላሂ። ወንድምሽማ እንባው እየመጣበት ‹ስልክ አልደውልላትም፣ ራሴ ሄጄ ሰርፕራይዝ ነው የማደርጋት› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዙለይኻ የእየሩሳሌምን ፊት አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። «እኔ እንጃ እህቴ...» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምናልባት በኋላ ሌላ ነገር አግኝተውበት ይሆናል።»

ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ሲስተር ሚራክል ሮጥ ብላ መጣችና ግፊቷን ለካች። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝታ እግሯን ከፍ አደረገችላት። «ምን ሆንሽ? ደህና አልነበርሽ?»

«ሲስተር፣ የወንድሜ ውጤት ገጥሞ ነበር?»

ነርሷ ቱቦውን ነካ ነካ አደረገች፤ ቱቦው ምንም አልሆነም ነበር። «የለጋሽን ጉዳይ ለታካሚ መንገር አይፈቀድልንም፣ እየሩስ» አለች በመጨረሻ። «ራሱን ጠይቂው።»

መልሱ እሱ ነበር። ያልገጠመን አልገጠመም ብሎ መንገር ማንን ይቸግራል?

ዓይኗን ጨፈነች። ከፋሲካ በፊት ሐኪሙ ቢሮው አስገብቶ የነገራት ትዝ አላት። «ከእሱ አይሆንም። ሌላ የቅርብ ዘመድ ካለ እንሞክር» ነበር ያላት። አልገጠመም የሚለው ቃል ከሐኪሙ አፍ አልወጣም፤ ፍቅሩ ነው እቤት መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እያየ «አልገጠመም ጄሪ» ያላት። ሌላ የቅርብ ዘመድ የላትም። እናቷ ስኳር አለባቸው፤ አባቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ያን ዕለት እናቷ አንገቷን አቅፈው «ምነው በገጠመ! ምነው እመቤቴ!» እያሉ አብረዋት አልቅሰዋል።

እየሩሳሌም አቃቂ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ባቄላ የመሰሉ ነገሮች እየሣለች «ኩላሊት ደምን ያጣራል፤ ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል» ስትል ኖራለች። ውሸት አልነበረም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ያወቀችው የራሷ ሲቆም ነው። ጤነኛ ሰው ውሃ ሲያበዛ ኩላሊቱ ትርፉን ይሸኛል፤ ፀሐይ ሲያቃጥለው ደግሞ ጠብታውን ሳይቀር ይዞ ያስቀራል። ጨውን፣ አሲዱን፣ የልብን ምት የሚያስተካክለውን ፖታሺየም፣ ይህን ያህል ይቅር ይህን ያህል ይውጣ እያለ ሌትና ቀን ሲመዝን ባለቤቱ አያውቀውም። የደም ግፊቱን ይጠብቃል፤ ደም እንዲመረት ያዛል። እሷ ዛሬ ሁለት ሙዝ ብትበላ ልቧ ሊቆም ይችላል። የጠጣችው ውሃ መውጫ ስለሌለው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ፣ ቀጥሎ ሳንባዋ ውስጥ ይተኛል። ሽንቷ ከደረቀ ዓመት አልፎታል። ድሮ ክፍል ውስጥ አንድ ጣቱን ቀስሮ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት!» የሚል ተማሪ ያናድዳት ነበር። አሁን ማንንም አትከለክልም። ልጆቹ እየሮጡ ሲወጡ በመስኮት ትከተላቸዋለች፤ የምትቀናው ምን ላይ እንደሆነ ብትናገር ሰው ይስቅባታል።

እጥበቱ ሲያልቅ መርፌው የተነቀለበትን ቦታ በጥጥ ተጭና ወጣች። ሁልጊዜ እናቷ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይጠብቋት ነበር፤ ዛሬ ግን የዕድር ለቅሶ ስለነበረባቸው አልመጡም። እንደዚህ ሲደክማት በቀጥታ እቤቷ ገብታ ነው የምትተኛው። ዛሬ ከሚኒባሱ በሰቃ ላይ ወረደች።

የፍቅሩ መሥሪያ ቤት መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ ዳስ ነው። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን አግሎታል። ፍቅሩ የላሜራ በር አጋድሞ እየበየደ ነበር፤ ሲያያት የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ።

«ጄሪ! ምነው ብቻሽን? እማዬስ?»

«ለቅሶ ናት። ፍቅሩ፣ ገጥሞ ነበር?»

«ምኑ?»

«ምኑ አትበለኝ።»

የብየዳውን መያዣ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ዙሪያውን አየ፤ ከእነሱ በቀር ማንም የለም። የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ አቀረበላትና ተቀመጠች፤ ባይሰጣትም መቆም አትችልም ነበር። እሱ ቆሞ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«ተቃቅፋችሁ ስትወጡ ያየ ሰው።»

ፍቅሩ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። ልጅ ሳለ አዝላው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዳ ለአባታቸው ምሳ ታደርስ ነበር፤ ሲዋሽ ግራ ጆሮው እንደሚቀላ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ጆሮው አልቀላም።

«ዶክተሩ ሁሉንም አስረድቶኝ ነበር» አለ። «አንዱ ሲወጣ የቀረው የሁለቱን ሥራ ይይዛል፣ እያደርም ተለቅ ይላል አለኝ። ለጥቂት ወር ከባድ ነገር አታነሳም፤ ከዚያ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ አለኝ። አመንኩት። ደስ ብሎኝ ነው የወጣሁት፣ በእግዚአብሔር። አንቺ ጋ ስመጣ ትምህርት ቤት ነበርሽ። እማዬ ብቻ ነበረች። ለእሷ ነገርኳት።»

«እሺ?»

«እግሬ ላይ ወደቀች።»

እየሩሳሌም ቀና ብላ አየችው።

«የአባባን ነገር ታውቂያለሽ። ‹እሱም ሆስፒታል በእግሩ ነው የገባው፣ ጃንጥላውን ይዞ› አለችኝ። ‹ሬሳውን ነው ያስረከቡኝ› አለችኝ። እንዲህ አይደለም፣ ጊዜው ተለውጧል ብላት አልሰማ አለች። ‹ብትሰጥ ያጠባሁህ ጡት ይፍረድብህ› አለች። ጡቷን ይዛ ነው የገዘተችኝ ጄሪ። ምን ላድርግ?»

«ለሐኪሙስ ምን አልከው?»

«አልችልም አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ‹ለእህትህ ከእሱ አይሆንም ብቻ ነው የምንላት፤ አትጨነቅ› አለኝ።»

መንገዱ ላይ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። እየሩሳሌም የምትጠይቀው አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ባትጠይቀው ይሻል እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው።

«እማዬ ባትገዝትህ ኖሮ ትሰጠኝ ነበር?»

ፍቅሩ ከበሩ ጠርዝ ላይ የብየዳ ቅርፊት በጥፍሩ ፈለቀቀ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ዶክተሩ ጋ ሳለሁ አልፈራሁም። ማታ ግን ተኝቼ ጎኔን እየዳበስኩ አደርኩ። እሷ ስትከለክለኝ... እፎይ አልኩ። ይኸው ነው።»

እናቷ እንደከለከሉት ሲነግራት የተሰማት ንዴት ለካ ትንሹ ኖሯል። ይኸኛው ሌላ ቦታ ገባ። በማሽኑ ላይ ደሟ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰማት፣ ቅዝቃዜው ከክንዷ ተነሥቶ ደረቷ ድረስ ሄደ።

«ስቅለት ዕለት» አለች፣ «‹አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሌላ ሰው ያመጣልሻል› ብለኸኝ ነበር። እጄን ይዘህ።»

«ጄሪ...»

«እጄን ይዘህ ነበር።»

ያኔ ፍቅሩ ማልቀስ ጀመረ። ግንባሩ ላይ ያለው መነጽር ወደ አፍንጫው ወረደ፤ ገፍቶ አወጣው። «ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። «ዶክተሩ ሐሙስ ይገባል አይደል? ገብቼ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ እለዋለሁ። የእማዬን ግዝት ንስሐ አባቴ ይፍታኝ። እሰጥሻለሁ። በቃ።»

«ተወው፣ ይቅርብህ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። ታላቅ እህት የምትለው እሱን ነው፤ ሰፈሩ የሚያመሰግናት፣ እናቷም የሚጠብቁባት እሱን ነው። ግን መኖር ፈለገች። ውሃ እስክትጠግብ መጠጣት፣ ጠዋት ተነሥታ መሽናት፣ ማሽን ያልተቀጠረበት ሳምንት ማየት ፈለገች። ቃሉን ዋጠችው።

«እሺ» አለችው። «አልለምንህም፤ እምቢም አልልህም። ሐሙስ ጠዋት ታክሲ መያዣው ጋ እጠብቅሃለሁ።»

እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች ከለቅሶ ተመልሰው ድንች እየቀቀሉ ሳለ እየሩሳሌም እቤት ደረሰች። ድንች ለእየሩሳሌም የሚቀርበው ተልጦና ተቆራርጦ ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ፣ ሁለቱም ውሃ ተደፍቶ ነው፤ ፖታሺየሙ እንዲወጣ። ይህን እናቷን ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አንድ ቀን እንኳ አጓድለው አያውቁም። የምትጠጣውንም ውሃ ጠዋት ጠዋት በሰማያዊ ኮዳ ለክተው የሚያስቀምጡላት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ካለፈች ይቆጧታል።

«ዘገየሽ ልጄ፤ ልቤ እኮ ቆመ! ነይ አረፍ በይ።»

እየሩሳሌም ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ባልዲው ሄደች። በጣሳ ሙሉ ቀድታ ቆማ ጠጣች።

«ኧረ በማርያም! ምን ነካሽ? ከልክሽ በላይ እኮ ነው!»

«ልኬን አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ እማዬ?»

እናቷ ማማሰያውን እንደያዙ ቀሩ። ፊቷን አዩ፣ ጣሳውን አዩ፤ ምንም ሳትነግራቸው ገባቸው። እጃቸው ምድጃውን ፈልጎ አጠፋው።

«ፍቅሩ ነገረሽ?»

«ጠይቄው ነው።»

ወይዘሮ ፈለቀች ዱካ ላይ ተቀመጡ። አልካዱም። እየሩሳሌም በመንገዷ ሁሉ ሲክዱ ምን እንደምትል ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ አሁን ያዘጋጀችው ሁሉ አልጠቀማትም።

«አንቺን ያሳመመሽ እግዜር ነው» አሉ እናቷ። «እሱን ግን የማሳምመው እኔ ነኝ። በደህና ቀን፣ ጤነኛ ልጄን፣ በገዛ እጄ ቢላዋ ሥር ላስተኛው? አባታችሁ ለትርፍ አንጀት ነው የገባው። ቀላል ነው አሉኝ። አንቺ እንደ ምንም በማሽኑ ትኖሪልኛለሽ ብዬ አሰብኩ። አንዱን ለማትረፍ ሁለታችሁንም ባጣስ?»

«ፈርተሽ ከለከልሽው፤ እሺ ይሁን። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።» ጣሳውን ባልዲው አጠገብ አስቀመጠች። «ከዚያ በኋላ ያደረግሽውን ግን ንገሪኝ። አብረሽኝ ስታለቅሺ ማንን ነበር የምታለቅሺው?»

«አንቺን ነዋ!»

«ለሰባት ቀን ፀበል ይዘሽኝ ወጣሽ። ብርድ ላይ አቁመሽ ‹የሚገጥም ሰው ስጫት› ብለሽ ለማርያም ተሳልሽ። እኔ አሜን እያልኩ ነበር። ገጥሞ ነበር እኮ! አንቺ ከልክለሽው እሷን ትለምኛታለሽ?»

«ሌላ ሰው እንድታመጣልሽ ነው የለመንኳት» አሉ እናቷ በለሆሳስ። «ከፍቅሩ ሌላ። ከልቤ ነው የለመንኩት።»

እየሩሳሌም አመነቻቸው። ከልባቸው እንደለመኑ አመነች፤ የባሰውም እሱ ነበር። እናቷ በልመናቸው ዋሽተው ቢሆን ኖሮ ትጠላቸው ነበር። እኚህ ሴት ግን እያንዳንዱን ድንች ሁለት ጊዜ የቀቀሉት ከልባቸው ነው፤ መዳኛዋን የዘጉባትም ከልባቸው ነው። ሁለቱንም ያደረጉት በእነዚሁ እጆች ነው።

እናቷ ከዱካው ተነሥተው ወደ እግሯ ሊያጎነብሱ ሲሉ ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

«እኔ እግር ላይ እንዳትወድቂ» አለች። «በዚህ አንዴ ተሸንፌያለሁ።»

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ዛሬ አልችልም እማዬ።»

እስከ ሐሙስ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ተከራይና አከራይ ኖሩ። እናቷ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይወጣሉ፤ እሷ ትበላለች፤ ራቧን ማን ላይ ልትወጣው ነው? ትምህርት ቤት ሄዳ አስተማረች። ከተማሪዎቿ አንዷ «ቲቸር፣ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል?» ብላ ጠየቀቻት። ትምህርቱ ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ወሬ ሰምታ ይሆናል። «ይችላል» አለች እየሩሳሌም፤ «አንዱ ይበቃል» አለችና መጽሐፉን ገለጠች። ማታ ማታ ስልኳን እያነሳች ታያለች። ፍቅሩ አልደወለም። እሷም አልደወለችም፤ አልለምንህም ብላዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ፊቷ አብጦ፣ ጫማዋ አልገባ ብሏት ነቃች። ሁለት ቀን ያልወጣው ውሃ ትንፋሿን አሳጥሮታል። ወደ ሳሎን ስትወጣ እናቷ ነጠላቸውን ደርበው፣ የእሷን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እንደ ወትሮው አብረዋት ሊሄዱ።

«አንቺ ቅሪ» አለች እየሩሳሌም።

«ብቻሽንማ አትሄጂም፤ መንገድ ላይ ብትወድቂስ?»

«ብቻዬን አይደለሁም። ፍቅሩ ይጠብቀኛል።»

እናቷ ቦርሳውን አልለቀቁም። እየሩሳሌም ፊታቸውን አየች። በሁለቱ ቀናት ከልጃቸው ጋር ተነጋግረው እንደሆነ፣ ምን ተባብለው እንደሆነ፣ እዚያ ፊት ላይ የሚነበብ ይመስላት ነበር። ማንበብ አልፈለገችም። ቦርሳውን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወስዳ ወጣች።

ታክሲ መያዣው በሰው ተጨናንቋል። ፋብሪካ የሚገቡ ሠራተኞች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ ወደ መሀል ከተማ የሚሄዱ የቢሮ ሰዎች ተራ ይዘዋል። ጥላ ያለበትን ግንብ ተደግፋ ፊቷን በበሰቃ በኩል ወደሚመጣው መንገድ አዞረች። አንዱ ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ከግንቡ ተላቀቀች፤ ሌላ ሰው ነበር። ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። ሁለተኛው ሚኒባስም ሞልቶ ሄደ። ደግማ ደወለች። አሁን አንድ ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ፤ አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ ላይ ሆኖ፣ በጣቱ ዘግቶታል።

ሦስተኛው ሲመጣ ገባች፤ ማሽኑ የሚጠብቀው ሰዓቱን ያከበረን ሰው ነው። ኋላ ካለው ወንበር መስኮቱን ይዛ ቦርሳዋን ከጎኗ አስቀመጠች። ረዳቱ እየጮኸ ሰው ይጠራል። መኪናው ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዘንቢል ጎመን የያዙ አንዲት አዛውንት ጎንበስ ብለው እየተደገፉ ወደ ኋላ መጡና የቀረውን አንድ ቦታ፣ ቦርሳውንም አዩ።

«ልጄ፣ ሰው አለው?»

እየሩሳሌም በመስኮቱ ወደ በሰቃ መንገድ አየች። አቧራው ውስጥ የሚመጡ ነበሩ፤ ብዙ ሰዎች፣ አንዳንዶቹም እየሮጡ። አንድ በአንድ እስክታያቸው አዛውንቷ ጠበቋት።

«የለውም እናቴ» አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አነሳች። «ይቀመጡ።»